አንድ ገላ፣ ሁለት ስም፦ የዱጌ ትሩዋን 149 ዓመታት

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ አንዲት የፈረንሳይ የጦር መርከብ ልናገር ነው ባልኩ ጊዜ ከክበባችን አባላት አንዱ «ከባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀን ተቀምጠን?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። እኔም ባሕር ያየሁት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ በሸራ የምትሄድ መርከብ ላይ ወጥቼም አላውቅም። ይህችን መርከብ የመረጥኳት ታሪኳ ከባሕር ታሪክ ይልቅ የምርኮኛ ታሪክ ስለሆነ ነው። በተሠራችበት አገር የኖረችው አምስት ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ነው። በማረካት አገር የኖረችው ግን 144 ዓመት ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

የተወለደችው ሮሽፎር ነው። ሮሽፎር የባሕር ዳር ከተማ አይደለችም። ሻራንት በሚባል ጭቃማና ጠመዝማዛ ወንዝ ዳር ያለች፣ ከባሕሩ ወደ ውስጥ ገባ ያለች የመንግሥት የመርከብ መሥሪያ ከተማ ነበረች። ይህ ከጠላት መድፍ ይጋርዳል፤ ችግሩ ግን ወንዙ ጥልቀት የለውም። አንዲት ትልቅ የጦር መርከብ መድፎቿን ጭና በወንዙ ብትወርድ ጭቃው ይይዛታል። ስለዚህ ባዶዋን በገመድ እየተጎተተች ትወርድና ባሕሩ አፍ ላይ፣ ኤክስ በምትባል ደሴት አጠገብ፣ መድፎቿን ትጭናለች። የመሥሪያው ጉልበት በከፊል የእስረኞች ጉልበት ነበር። በከተማዋ የግዞተኞች ወህኒ ነበረና ሰንሰለት የተጠለቀላቸው ሰዎች ግንድ ይሸከሙ፣ ገመድ ይጎትቱ ነበር። ስለ መርከቦች ግርማ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ስለሚዘሉት እኔ አልዘለልኩትም።

በመጋቢት 1800 ውኃ የነካችው መርከብ በመልኳ ልዩ አልነበረችም። ዣክ ኖኤል ሳኔ የተባለ የፈረንሳይ መርከብ ነዳፊ በ1782 አንድ ንድፍ አዘጋጅቶ ነበር፤ 74 መድፍ የምትሸከም፣ 55 ሜትር ያህል የምትረዝም መርከብ። ፈረንሳዮች ንድፉን እጅግ ስለወደዱት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ መርከቦችን በእርሱ ሠሩ። የሳኔ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ከእርሱ በፊት እያንዳንዱ አናጢ እንደ ልምዱ ይሠራ ነበር፤ እርሱ ግን በሁሉም ወደቦች አንድ ዓይነት መርከብ እንዲወጣ አደረገ። የአንዷ ተራዳ ለሌላዋ ይሆናል፤ የአንዷን ሸራ ሌላዋ ትለብሳለች።

ሰባ አራቱ መድፍ እንዲህ ይከፈል ነበር፦ በታችኛው ወለል 28 ከባድ መድፎች፣ በላይኛው ወለል 30 መካከለኛዎች፣ በጣራው ላይ ደግሞ 16 ቀላሎች። የታችኞቹ እያንዳንዳቸው አሥራ ሰባት ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን የብረት ኳስ ይተፋሉ። አንዱን መድፍ ለማጉረስ፣ ለማነጣጠርና ወደ ቦታው ለመመለስ ከአሥር በላይ ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ሸራ ወጪውን፣ አናጢውን፣ ሐኪሙን ጨምሩበት፤ ወደ ሰባት መቶ የሚጠጋ ሰው በዚያች የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይኖር ነበር። የሚተኛው በመድፎቹ መካከል በተንጠለጠለ የሸራ መኝታ ነው፤ ገበታውም እዚያው ነው፤ የሚሞተውም እዚያው ነው።

ስሟን ዱጌ ትሩዋን አሏት። ሬኔ ዱጌ ትሩዋን ከ1673 እስከ 1736 የኖረ፣ ሳን ማሎ የምትባል የወደብ ከተማ የወለደችው ባሕረኛ ነው። በንጉሥ ፈቃድ የጠላትን የንግድ መርከቦች እየዘረፈ ስሙ የገነነ፣ በ1711 ሪዮ ደ ጃኔሮን ይዞ ቤዛ ያስከፈለ ሰው ነበር። ለዛሬው ወሬያችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው በ1694 በእንግሊዞች እጅ ወድቆ ፕሊመዝ ላይ ታስሮ ነበር። ከዚያም አምልጦ አገሩ ገባ። ፕሊመዝ የሚለውን ስም ያዙልኝ።

መርከቧ የመጀመሪያዋን ትልቅ ዘመቻ ያደረገችው ለነውር ሥራ ነው። ናፖሊዮን የቀድሞ ባሮችን መሪ ቱሳን ሉቨርቱርን አንበርክኮ በዛሬዋ ሃይቲ የነበረውን የቅኝ ግዛት ሥርዓት ለመመለስ በ1801 መጨረሻ በአማቹ በጄኔራል ሌክለር የሚመራ ታላቅ ጦር ሲልክ ዱጌ ትሩዋንም ከዘማቾቹ መካከል ነበረች። ቱሳን በተንኮል ተይዞ ወደ ፈረንሳይ ተላከ፤ በእስር ቤት ሞተ። ሌክለርንም ቢጫ ወባ ገደለው። ወታደሩ በጥይትም በበሽታም እንደ ቅጠል ረገፈ። በ1803 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነቱ እንደገና ሲቀሰቀስ እንግሊዞች ካፕ ፍራንሴ የተባለውን ወደብ ዘጉት። በሐምሌ ወር ዱጌ ትሩዋንና ዱኬን የምትባል እኅቷ በጨለማ ሾልከው ወጡ። ዱኬን በማግሥቱ ተይዛ ቀረች፤ ዱጌ ትሩዋን ግን አትላንቲክን አቋርጣ፣ በስፔን ባሕር ዳር ከጠበቋት የእንግሊዝ መርከቦችም ተርፋ ኮሩኛ ወደብ ገባች። በፈረንሳይ ባንዲራ ሥር ካደረገችው ሁሉ የተዋጣላት ነገር ቢኖር ይህ ሽሽት ነው ብል የምዋሽ አይመስለኝም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል በሰሜን ምዕራብ ስፔን ታግታ ተቀመጠች። የሸራ መርከብ ወደብ ውስጥ ስትቀመጥ ትበሰብሳለች፤ ከእርሷም ይልቅ ባሕረኞቿ ይዝጋሉ። እንግሊዞቹ በማዕበልም በብራም ውጭ እየተንሳፈፉ ሲጠብቁ ሸራ ማውጣትና መድፍ መተኮስ እንደ ጸሎት በየዕለቱ ይደግሙ ነበር። በደቡብ ስፔን ባሕር ዳር የተደረገው የታላቁ የትራፋልጋር ውጊያ ውጤት ከውጊያው በፊት የተወሰነው እዚህ ላይ ነው። በነሐሴ 1805 የፈረንሳዩ አድሚራል ቪልነቭ መጥቶ ከሌሎቹ ጋር ይዟት ወጣ፤ ካዲዝ ወደተባለው የደቡብ ስፔን ወደብም ወሰዳት።

ጥቅምት 21 ቀን 1805፣ ትራፋልጋር። በአንድ ወገን 33 የፈረንሳይና የስፔን መርከቦች፣ በሌላው 27 የእንግሊዝ። ነፋሱ ደካማ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ትልቅ ሞገድ ግን መርከቦቹን ያወዛውዛል። የፈረንሳይና የስፔን መርከቦች ረጅም ሰልፍ ሠርተዋል። ዱጌ ትሩዋን ከሰልፉ ግንባር ላይ ናት፤ አለቃዋም ፎርሚዳብል በምትባል መርከብ ላይ ያለው ሪር አድሚራል ዱማኑዋር ነው። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ግን ግንባሩን ትቶ መካከሉንና ኋላውን በሁለት ዓምድ ገብቶ ቆረጠው። መካከለኞቹ ሲታረዱ ግንባሮቹ ሙሉ ጤነኛ ሆነው ወደ ሰሜን እየተንሳፈፉ ነበር። ቪልነቭ ተመለሱ ብሎ በባንዲራ ምልክት ሰጠ። በዚያ በሞተ ነፋስ ሁለት ሺህ ቶን የሚጠጋ እንጨት ዞሮ መመለስ ግን ቀላል አይደለም፤ ጀልባ አውርደው በመቅዘፊያ ጭንቅላቷን እየጎተቱ ነው ያዞሯት። ዞረው ሲደርሱ ውጊያው ወደ መጨረሻው ተቃርቧል። ፎርሚዳብል፣ ዱጌ ትሩዋን፣ ሞን ብላንና ሲፒዮን ከዳር ሆነው እየተኮሱ አለፉ፤ ሄዱም። ከእነርሱ ጋር የነበረው የስፔኑ ኔፕቱኖ ሊረዳ ገባና ተማረከ።

ዱማኑዋር ፈሪ ነበር? በኋላ አገሩ መርምራው ነጻ አወጣችው። እኔ ዳኛ ብሆን ስለ መዘግየቱ አልከሰውም፤ ነፋስን ማን ይከሳል? ሆኖም ኔፕቱኖ ያደረገውን አራቱ ያላደረጉበትን ምክንያት ግን እጠይቀው ነበር።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ልውጣ። በዚያን ቀን የተሰለፉትን መርከቦች ስም ያነበበ ሰው ግራ ይገባዋል። ለእንግሊዝ ከተዋጉት መካከል ቶናንና ስፓርሲያት አሉ፤ ሁለቱም ፈረንሳዮች ሠርተዋቸው በ1798 በዓባይ አፍ ጦርነት፣ በግብፅ ባሕር ዳር፣ የተማረኩ ናቸው። ቤልአይልም የፈረንሳይ ነበረች። ለፈረንሳይ ከተዋጉት ደግሞ በርዊክና ስዊፍትሹር እንግሊዝ ሠራሽ ምርኮኞች ናቸው። እንግሊዞች የተማረከችባቸውን ስዊፍትሹር በሌላ አዲስ ስዊፍትሹር ተክተው ስለነበር በዚያ ቀን በሁለቱም ወገን አንዳንድ ስዊፍትሹር ነበረች። መርከብ እንደ ፈረስ ነበረች ማለት ነው፤ የወረደባትን ሳይሆን የተቀመጠባትን ታገለግላለች። ማራኪውም አያቃጥላትም፤ ዋጋዋ ተገምቶ ገንዘቡ ከካፒቴን እስከ ተራ ባሕረኛ ይከፋፈላል። እንጨቱን የጠበቀው ፍቅር ሳይሆን ይህ የምርኮ ገንዘብ ነው።

ወደ አራቱ ልመለስ። ከትራፋልጋር በኋላ ሁለት ሳምንት ወደ ሰሜን ሸሹ፤ የትውልድ ወደቧ ሮሽፎር የጥቂት ቀን መንገድ ሲቀራት የእንግሊዙ አዛዥ ሰር ሪቻርድ ስትራካን አገኛቸው። የሚያድነው እነርሱን አልነበረም፤ ከሮሽፎር የወጣ ሌላ የፈረንሳይ ቡድን ነበር የሚፈልገው። ኅዳር 4 ቀን፣ ኦርቴጋል ከሚባለው የስፔን ርእሰ ምድር ባሻገር፣ ፈጣኖቹ ትንንሽ የእንግሊዝ ፍሪጌቶች እንደ ውሻ ከኋላ እየነከሱ አዘገዩአቸውና ትልልቆቹ ደረሱ። ዱጌ ትሩዋን በትራፋልጋር ያልተዋጋችውን ውጊያ እዚህ ተዋጋች። ካፒቴኗ ቱፌ ተገደለ። ተራዳዎቿ ተሰብረው፣ ሸራው በጎኗ ተንጠልጥሎ፣ መድፎቿን ደፍኖባት እጇን ሰጠች። አራቱም ተያዙ። እንግሊዞች የሞተባቸው 24 ሰው ነው፤ የፈረንሳዮቹ ሙትና ቁስለኛ በመቶዎች ይቆጠር ነበር።

ተጎትታ የተወሰደችው ወዴት መሰላችሁ? ወደ ፕሊመዝ። ስሟን የሰጣት ሰው ከመቶ አሥራ አንድ ዓመት በፊት ያመለጠበት ወደብ ነው። እርሷ ግን አላመለጠችም።

እንግሊዞች ብዙውን ጊዜ የምርኮኛ መርከብን ስም አይነኩም ነበር፤ ድላቸው ከስሙ ጋር አብሮ እንዲጠራ ይፈልጋሉና። የንግድ መርከቦቻቸውን ሲዘርፍ የኖረን ሰው ስም ግን በገዛ መዝገባቸው መጻፍ አልተዋጠላቸውም መሰለኝ፣ ኢምፕላካብል አሏት። ወደ አማርኛ ስመልሰው ተቸግሬአለሁ። «የማይታረቅ» ነው፣ «ልቧ የማይራራ» ነው። ለአንዲት ምርኮኛ የተሰጠ እንግዳ ስም ነው፤ ማንን እንዳትታረቅ?

መልሱ በነሐሴ 1808 ተገኘ፤ ሩሲያን ነበር። ሩሲያ ከናፖሊዮን ጋር ከታረቀች በኋላ እንግሊዝ ስዊድንን ለመርዳት ወደ ባልቲክ ባሕር መርከቦች ላከች። ኢምፕላካብል በካፒቴን ባያም ማርቲን፣ ሴንቶር ደግሞ በአድሚራል ሁድ ሥር ከስዊድኖች ጋር ሆነው የሩሲያን መርከቦች ሲያባርሩ ሁለቱ ከስዊድኖቹ ፈጥነው ወደፊት ቀደሙ። ነሐሴ 26 ማለዳ ኢምፕላካብል ከሰልፉ ኋላ የቀረችውን ቭሴቮሎድ የምትባል ባለ 74 መድፍ መርከብ ደረሰችባትና በሽጉጥ ርቀት ቆማ ደበደበቻት። የቀሩት ሩሲያውያን ሊረዷት ሲመለሱ አፈገፈገች። በኋላ ቭሴቮሎድ በዛሬዋ ኢስቶኒያ ባሕር ዳር፣ ወደቡ ደጃፍ ላይ፣ አሸዋ ይዟት ቆመች። ሴንቶር ተጠግታ ተያያዘቻትና ማረከቻት፤ ነገር ግን ራሷ ሴንቶርም አሸዋው ያዛት። ጎትታ ያወጣቻት ኢምፕላካብል ናት። ቭሴቮሎድን አቃጠሏት። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት በሕይወት ላሉት አዛውንት ባሕረኞች ሜዳሊያ ሲሰጥ በጥብጣቡ ላይ በሚሰካው ብር «ኢምፕላካብል» የሚል ስም ከቀኑ ጋር ተቀረጸ። እንግዲህ የሮሽፎር ግዞተኞች በሰንሰለት የጎተቱት እንጨት የናፖሊዮንን ወዳጅ መትቶ የእንግሊዝ ሜዳሊያ ላይ ወጣ።

የቀጣዮቹን ሠላሳ ዓመታት በአጭሩ አልፋለሁ። ጦርነቱ አለቀ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተራዳዋን አውልቃ ወደብ ቆመች። በ1840 የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ሶርያን ይዞ አልለቅም ባለ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ተላከች። በዚያ ጠብ ፈረንሳይ የመሐመድ ዓሊ ወዳጅ ስለነበረች የቀድሞ እናቷን እንደገና ተቃወመች ማለት ነው። ይህ የመጨረሻ ዘመቻዋ ሆነ። እንፋሎት መጣ፤ ብረት መጣ።

የሳኔ መርከቦች አብዛኞቹ ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት አገልግለው ለማገዶና ለጣውላ ተበትነዋል። ይህችኛዋ ያመለጠችው ሥራ ስለቀየረች ነው። በ1855 ዴቮንፖርት ላይ፣ ከፕሊመዝ አጠገብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ሆነች። ባሕር ኃይል ሊገቡ የመጡ ወንዶች ልጆች በቆመች መርከብ ላይ ገመድ መቋጠር፣ ተራዳ መውጣት፣ ወለል መፋቅ ተማሩባት። ይህ ግማሽ ምዕት ዓመት ዘለቀ። ስለዚህ ዘመን ብዙ ድርሳን አልተጻፈም፤ ከጦርነቷ ሁሉ ግን ብዙ ሰው ያሳለፈችው በዚህ ነው።

በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ልትሸጥና ልትበተን ስትል ዊትሊ ኮብ የተባለ ባለጸጋ ደረሰላት። የዚህ ሰው ነገር ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽም ያሳዝናል። አስቀድሞ የኔልሰን ባንዲራ የተውለበለበባትን ፉድሮያንት የተባለች አሮጌ መርከብ ገዝቶ፣ አድሶ፣ ለሕዝብ ሲያሳይ በ1897 ብላክፑል ከተማ ዳርቻ ማዕበል አጋጭቶ ሰበረበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃኛል ይል ነበር። እርሱ ግን በ1817 ቦምቤይ ላይ የተሠራችውን ትሪንኮማሊን ገዝቶ በጠፋችው ስም ፉድሮያንት አላት። በ1912 ደግሞ ኢምፕላካብልን ከባሕር ኃይሉ በውሰት ተቀብሎ ሁለቱን ፋልመዝ ወደብ ላይ ወጣቶች የሚሠለጥኑባቸውና ዕረፍታቸውን የሚያሳልፉባቸው አደረጋቸው። ኮብ በ1931 ሞተ፤ በቀጣዩ ዓመት መርከቧ ወደ ፖርትስመዝ ተጎተተች።

ፖርትስመዝ ደግሞ የኔልሰን መርከብ የቪክትሪ መኖሪያ ነው። በትራፋልጋር ከነበሩት መርከቦች ሁሉ በዓለም ላይ የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ አንዷ ከዚህ ወገን፣ አንዷ ከዚያ። ቪክትሪ በደረቅ ግድብ ውስጥ፣ ተቀብታና ተወልውላ፣ ጎብኚ ይሰለፍላታል። ኢምፕላካብል ውኃው ላይ ናት፤ ጣውላዋ ከውስጥ እየሞተ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ሠርታለች፤ ከትሪንኮማሊ ጋር የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ነበረች። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን የሚያድሳት ጠፋ። ባሕር ኃይሉ ወጪውን አስልቶ አይቻለኝም አለ፤ በ1947 ለፈረንሳይ «ውሰጂያት» ብሎ አቀረበላት። ፈረንሳይም አልፈልግም አለች። ሁለቱንም መውቀስ ይቀላል፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ተናድጄ ነበር። ነገር ግን ጊዜውን አስቡት። እንግሊዝ ውስጥ ምግብ ገና በራሽን ነው፤ ለንደንና ፖርትስመዝ በቦምብ የፈረሱ ቤቶቻቸውን አልጨረሱም፤ ለቤት ጣሪያ የሚሆን እንጨት እንኳ የለም። የፈረንሳይ ወደቦችም ፍርስራሽ ነበሩ። በዚያ ሰዓት ለበሰበሰ መርከብ ገንዘብ ልስጥ የሚል ሹም በሕዝብ ፊት ምን ይላል?

ብቻ ከኋላዋ ያለውን በመስኮት የተሞላ ያጌጠ ገጽታና ከፊት የተቀረጸውን ምስል ነቅለው ግሪንዊች ላለው የባሕር ታሪክ ሙዚየም ሰጡ። ከዚያም ታኅሣሥ 2 ቀን 1949 ከፖርትስመዝ ጎትተው አወጧት። ከጣራዋ ላይ ሁለት ባንዲራ ጎን ለጎን ተሰቀለ፤ የፈረንሳይ ባለ ሦስት ቀለሙና የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነጩ። ከዋይት ደሴት በስተደቡብ ጥልቁ ላይ ሲደርሱ በሆዷ የተቀበረው ፈንጂ ተተኮሰ። እንድትሰምጥ ብለው ብዙ መቶ ቶን ብረት ጭነውባት ነበር። ፈንጂው ግን የታችኛውን ወለል በጠሰውና ብረቱ ብቻውን ዘቀጠ። ሸክሟ ሲወርድላት የላይኛው ገላዋ ተንሳፍፎ ቀረ። ሁለቱ ባንዲራዎች እየተውለበለቡ ለሰዓታት አልሰምጥም አለች። ሊቀብሯት የመጡት ሰዎች ዙሪያዋን ቆመው ጠበቁ። ያን ጊዜ ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆነ።

ፍራንክ ካር የተባለው የግሪንዊቹ ሙዚየም ኃላፊ ያን ቀን አልረሳውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከቲ ሳርክ የተባለችውን የሻይ መርከብ ለማዳን ከተነሡት ዋናው ሆነ፤ ዛሬ ግሪንዊች ላይ ቆማ የምትታየው እርሷ ናት። በ1979 ደግሞ አሮጌ መርከቦችን የሚታደግ ዓለም አቀፍ ማኅበር ሲያቋቁም መፈክሩን «ኢምፕላካብል፣ ዳግመኛ አይሆንም» አለው። ጓደኛዋ ትሪንኮማሊም ተርፋ፣ ታድሳ፣ በሰሜን እንግሊዝ ሃርትልፑል ወደብ ላይ ትገኛለች።

ንግግሬን ስጨርስ አንድ አድማጭ እጁን አንሥቶ «ታዲያ የማን ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ሰዓት የመለስኩለት አላረካኝምና እዚህ ላሟላው። ግሪንዊች ላይ ያለው ገጽታዋ የእንግሊዝ ነው፤ መስኮቶቹን እያዩ የሚያደንቁት የእንግሊዝ ልጆች ናቸው። ግን አንድ ሌላ ቅሪትም አለ። መልሕቅና ከባድ ገመድ የሚጎተትበት ትልቅ የእንጨት መዘውር ነው፤ ዙሪያውን ብዙ ቀዳዳ አለው፤ በየቀዳዳው ረጅም ዱላ እየተሰካ ባሕረኞች ደረታቸውን ዱላው ላይ ጥለው እየዞሩ ይገፉታል። ፈረንሳዮቹ አምስት ዓመት ገፍተውታል፤ እንግሊዞቹ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ። ይህ መዘውር ዛሬ ያለው ሮሽፎር ሙዚየም ውስጥ ነው፣ ሻራንት ወንዝ ዳር።